ደካማው ዘፈን የትኛው ነው? የዓሊ ቢራ አድማጮች ክርክር በድሬዳዋና በዋሂል

አንድን ድምፃዊ ከልቡ የሚወድ ሰው ከዘፈኖቹ የትኛውን እንደሚያስበልጥ ቢጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። ከእነዚሁ ዘፈኖች ደካማው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን በመጀመሪያ ይቆጣል፤ ቀጥሎም ዝም ብሎ ያስባል፤ በመጨረሻም ጎረቤቱ እጅግ የሚወደውን ዘፈን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ክርክር ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ማታ ድረስ አይበርድም።

ይህን የመሰለ ክርክር በየአገሩ ይገኛል። ይሁን እንጂ ነገሩን እንደ ጨዋታ ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው የሚወደውን ሲያመሰግን ሁሉም ተመሳሳይ ቃል ይናገራል፤ የሚወደውን ሲነቅፍ ግን እያንዳንዱ በምን እንደሚመዝን ሳይታወቀው ይገልጣል። ከዚህም በላይ ደካማ የተባለውን ዘፈን የሚቀዳው ሰው እያነሰ ስለሚሄድ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ፍርዱ የተሳሳተ እንደ ሆነም የጠፋው ነገር ተመልሶ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድሬዳዋ ከተማና በገጠሯ በዋሂል የዓሊ ቢራ አድማጮች ይህን ክርክር እንዴት እንደሚያካሂዱና የማይስማሙበትም ምክንያት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ነው። ለማስረዳት የምሞክረውም ይህ ነው፤ ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ቢመስላቸውም በአብዛኛው የሚነጋገሩት ስለ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ነው። እነዚህም ድርሰቱ፣ አዘፋፈኑና ቅጂው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ድምፃዊው

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ከስፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። በሐዲዱ የመጣው የንግድ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴውና ሠራተኛው ዜማውንም ይዞ መጣ። ከዚህም የተነሣ በከተማዋ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዓረብኛ በአንድ ገበያ ውስጥ ሲነገሩ ይሰማል፤ በአንዱ ቋንቋ የሚነጋገር ሰው በሌላው ቋንቋ ዘፈን ሲያዳምጥ ማየትም የተለመደ ነገር ነው። ዋሂል ደግሞ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ስፍራዎች አንዷ ናት። አገሩ ቆላማ ነው፤ ሕዝቡም ማሽላ ያርሳል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል ያረባል። በብዛት የሚነገረው ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን ሱማልኛም ይሰማል። የዋሂል ገበሬ ለገበያ ወደ ቀፊራ ይወርዳል፤ በዘመኑም ጊዜ ሁሉ ካሴቱንና የባትሪ ድንጋዩን ከዚያው ከከተማ ገዝቶ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ከተማውና ገጠሩ አንድ ዓይነት ዘፈን ቢሰሙም የሚሰሙት በልዩ ልዩ ጆሮ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለ የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው የቀሎ ልጆች ከሚባሉት ከአራቱ ጎሣዎች፥ ማለት ከአላ፣ ከባቢሌ፣ ከዳጋና ከኦቦራ ነው። ዓሊ መሐመድ በ1947 በዚሁ በድሬዳዋ ተወልደው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ከቡድኑ ገቡ። «ቢራ» የሚለው ቅጥያ የወጣላቸው በዚያ ከዘፈኑት ከመጀመሪያው ዘፈናቸው ነው፤ ቃሉም በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ የሚመጣውን ብሩህ ወራት ያመለክታል። ቡድኑ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታግዶ ከተበተነ በኋላ ዓሊ ቢራ አዲስ አበባ ሄደው በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አገለገሉ። በ1971 ያወጡት ሥራ በኦሮምኛ የመጀመሪያው አልበም እየተባለ ይጠቀሳል። በ1984 ከአገር ወጥተው በአሜሪካ፣ በስዊድን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በካናዳ ኖሩ። በ2010 የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 6 ቀን 2022 በእነርሱ አቆጣጠር፥ ማለት ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፈው በተወለዱባት ከተማ በድሬዳዋ ተቀበሩ።

ይህን ያህል ረጅም ዘመን የዘፈነ፥ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሱማልኛና በዓረብኛም የተጫወተ ሰው ሥራው ሁሉ እኩል ሊሆን እንደማይችል ማንም ያውቃል። ጥያቄው ልዩነቱ መኖሩ አይደለም፤ ልዩነቱ በምን እንደሚለካ ነው።

ክርክሩ የሚካሄድበት ደንብ

ክርክሩ በብዛት የሚሰማው ከቀትር በኋላ በበርጫ ላይ፣ ሆጃ በሚጠጣበት ስፍራ፣ ወይም በሞባይል ላይ ዘፈን በሚያስጭኑባቸው ትንንሽ ሱቆች ደጃፍ ነው። ያልተጻፈ ደንብም አለው። በመጀመሪያ፥ የመንቀፍ መብት ያለው ወዳጅ ብቻ ነው። የዓሊን ዘፈኖች የማያውቅ እንግዳ «ይህ ደካማ ነው» ቢል ክርክር አይነሣም፤ ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታውም ከክርክሩ የከፋ ነው። ሁለተኛ፥ ደካማ ነው ያለ ሰው ከዚያው ዘመን የተሻለውን መጥራት አለበት። ሦስተኛ፥ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያልሰማ አይፈርድም።

ሰዓቱም ፍርዱን ይለውጠዋል። በርጫው ሲጀመር ሁሉም ተቺ ነው፤ ምርቃናው ሲመጣ ግን ደካማ የሚባል ዘፈን ከቶ አይገኝም። ስለዚህ የአድማጮችን ሐሳብ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን የተነገረበትንም ሰዓት መጻፍ ይኖርበታል።

በዚህ መካከል ወጣቱ፥ «አቦ! ይሄ ደሞ ዘፈን ነው? ሲጎተት!» ይላል። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ቃሉን ሰምተኸዋል?» ብለው ይጠይቁታል። አንባቢ እንደሚመለከተው ወጣቱ የተናገረው ስለ ፍጥነት ነው፤ ሽማግሌው የመለሱለት ስለ ግጥም ነው። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን እስኪመሽ ቢከራከሩ አይገናኙም።

ድርሰቱን የሚመዝኑ

ድርሰት ስል ግጥሙንና ዜማውን ማለቴ ነው። የዋሂል አድማጭ በአብዛኛው የሚጀምረው ከግጥሙ ነው። ምክንያቱም ያደገበት ዘፈን ሸጎዬ ነው። ሸጎዬ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ትይዩ ቆመው እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት የምሥራቅ ኦሮሞ ጨዋታ ነው፤ መሣሪያ ሳያስፈልገው በቃልና በእግር እንቅስቃሴ ይካሄዳል። በሸጎዬ ጊዜ ቃል ያጣ ሰው ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር አይደነቅም፤ ለወረወሩለት ቃል የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል። እንግዲህ በዚህ ልማድ ያደገ ጆሮ አንድ ቃል ደጋግሞ የሚመልስ ዘፈን ሲሰማ ደካማ ነው ብሎ ቢፈርድ አያስደንቅም።

የከተማው አድማጭ ግን ብዙ ጊዜ የዘፈኑን ቋንቋ አይናገርም፤ ቢናገርም ቅኔውን አይደርስበትም። የእርሱ ሚዛን ዜማው ነው። የዓረብ፣ የሱዳን፣ የሱማሌና የሕንድ ዘፈን በሬዲዮና በሲኒማ ሲሰማ የኖረ በመሆኑ የኡዱን አመታትና የድምፁን አወጣጥ ይከታተላል። ግጥሙ እጅግ የጠለቀ፣ ዜማው ግን የማይለዋወጥ ዘፈን ለእርሱ ደካማ ነው። ስለዚህ አንዱ ዘፈን በዋሂል ከምርጦቹ ሊቆጠር በከዚራ ደግሞ ሊነቀፍ ይችላል፤ የሁለቱ ሰፈሮች ጆሮም አልተበላሸም። አንዱ የሚመዝነውን ግማሽ ሌላው አልሰማውም ማለት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ጉዳይም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ የዘፈነው ዘፈን በኋላ ከመጡት ሥራዎች ጋር በጥበብ ብቻ ቢመዘን ሊያንስ ይችላል። ይሁንና ሕዝቡ ለድምፃዊው መጠሪያ ያወጣው ከዚያ ዘፈን ነው። በስሙ የሚጠራበትን ዘፈን ደካማ ብሎ ለመፈረጅ የሚደፍር ሰው መጀመሪያ ደካማ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ እንዲያስረዳ ይገደዳል።

አዘፋፈኑን የሚመዝኑ

ሁለተኛው ሚዛን የአጃቢው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነበሩት የጦር ሠራዊት፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሯቸው። ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ በመደንገጉ የሌሊት ሙዚቃ ቤቶች ተዳከሙ። ቆይቶም ኪቦርድና በኤሌክትሪክ የሚመታ ከበሮ ሲመጣ አንድ ተጫዋች ቀድሞ ብዙ ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ሊሸፍን ቻለ። ይህም የሆነው ድምፃውያኑ ሁሉ ስለ ወደዱት አይደለም፤ በአገር ውስጥም ሆነ በስደት ለብዙ ተጫዋች የሚከፈል ገንዘብ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ ነው።

የዕድሜ ልዩነት የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ጎልማሶቹ የኪቦርዱን ዘመን ሥራዎች በጅምላ ደካማ ይሏቸዋል። በዚያ ዘመን ያደጉት ደግሞ ሠርጋቸውንና ወጣትነታቸውን የሚያስታውሱት በዚያው ድምፅ ስለ ሆነ የቀድሞውን ያረጀ ይሉታል። ነገር ግን ኪቦርዱ የተነቀፈበት ዘፈን በኡድ ብቻ ታጅቦ ሲዘፈን የሚነቅፈው ሰው ራሱ ሲያጨበጭብ ይታያል። ከዚህ የምንረዳው ድርሰቱ ጤነኛ መሆኑንና ነቀፌታው የተሰነዘረው በልብሱ ላይ መሆኑን ነው።

ቅጂውን የሚመዝኑ

ሦስተኛው ሚዛን በክርክሩ ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም፤ ይሁን እንጂ ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው ይመስለኛል።

ትንሹ ሸክላ በእያንዳንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በሠርግ ላይ ረጅም ሰዓት ሊዘፈን የሚችል ግጥም በሸክላ ሲቀዳ መቆረጥ አለበት። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሁለት ገጽ ስላለው ገዢው በአንደኛው ገጽ ላለው ዘፈን ብሎ ይገዛዋል፤ ሌላው ገጽ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ጊዜ የተሰማ ዘፈን ደግሞ ሳይመረመር ደካማ የሚል ስም ያተርፋል።

ካሴት በመጣ ጊዜ ቦታው ሰፋ፤ በአንድ ካሴት 60 ወይም 90 ደቂቃ ተገኘ። ነገር ግን ቦታው መሞላት ነበረበት። በሸክላ ዘመን ሁለት ዘፈን ብቻ ማቅረብ ይበቃው የነበረ ድምፃዊ በአንድ ጊዜ ስምንትና ከዚያም በላይ እንዲያቀርብ ተፈለገ። የስፍራ ቅደም ተከተልም ፍርድን ይወስናል፤ በካሴቱ ገጽ መጀመሪያ ላይ ያለው ዘፈን ሁልጊዜ ይሰማል፤ በመካከል ያለው ግን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ካሴቱን በቴፑ ማጠንጠን ባትሪ ስለሚጨርስ ብዙ ሰው በቢክ እስክሪብቶ እያዞረ ወደሚወደው ዘፈን ይደርስ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው።

የባትሪው ነገር በተለይ ለዋሂል ይመለከታል። መብራት በሌለበት ስፍራ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ፍጥነቱን መጠበቅ አይችልም። ሞተሩ ሲዘገይ ክሩ በቴፑ ራስ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ዘፈኑም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ድምፁም ይወፍራል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ኃይል ማግኘት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ለጥቂት ዘፈን ብቻ ነው። እንግዲህ ካሴቱ ተጫውቶ ሲያልቅ የሚመጣው የመጨረሻው ዘፈን ዘወትር በደከመ ድንጋይ ከተሰማ «ይህ ዘፈን ይጎተታል» የሚለው ፍርድ የድምፃዊው ጥፋት ነውን?

ከቅጂ ቅጂ መቅዳትም ሌላ ጉዳት አለው። ካሴት ከካሴት በተቀዳ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ይደበዝዛል። የኡድ ጅማት ሲመታ የሚሰማው ስል ድምፅ በመጀመሪያ የሚጠፋው ነው። አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ቅጂ የሰማ ሰው «ኡዱ ደክሟል» ቢል የሰማውን መናገሩ ነው፤ ነገር ግን የደከመው ኡዱ ሳይሆን ክሩ ነው። የድሬዳዋ ሙቀትም በፀሐይ የተተወውን ካሴት እንደሚያጣምመው ማንም የከተማዋ ሰው ያውቃል።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ

ይህ ሁኔታ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች በ1968 በሁለት ትልልቅ ሸክላዎች 30 ዘፈኖች አወጡ። ሸክላዎቹን ያዘጋጀው ጆርጅ ማርቲን ደካሞቹ ተቀንሰው ሥራው በአንድ ሸክላ ቢጠቃለል ይሻል ነበር የሚል አስተያየት ነበረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወዳጆቻቸው የትኞቹ መቅረት እንደ ነበረባቸው ይከራከራሉ። ብዙዎች በመጀመሪያ የሚጠሩት «ሬቮሉሽን 9» የተባለውን ነው፤ ይህም ከስምንት ደቂቃ የሚበልጥ፣ ዜማ የሌለውና ከተለያዩ የተቀዱ ድምፆች የተገጣጠመ ሥራ ነው። እንደ ዘፈን ለሚመዝነው ደካማ ነው፤ ድምፅን በቴፕ የመቀጣጠል ሙከራ አድርጎ ለሚመዝነው ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው ሊሆን ይችላል። ከዚያ አልፈው ሌሎቹን ለመቀነስ ሲነሡ ግን አንዱ የሚያስወጣውን ሌላው ያስገባል። በእነርሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ለእነርሱ 30ዎቹም ዘፈኖች በንጹሕ ቅጂ ተጠብቀዋል፤ ስለዚህ ክርክራቸው ምንም አይጎዳቸውም። የእኛ ግን አልተጠበቀም።

እንግዲህ ደካማ ዘፈን የለም ማለት ነውን?

አይደለም። ሁሉንም በቅጂና በባትሪ ማሳበብ ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ ሁሉን ማመስገንም ድምፃዊውን ማክበር አይደለም፤ አለማዳመጥ ነው። በችኮላ የተገጠመ ግጥም አለ፤ ካሴት ለመሙላት የገባ ዜማ አለ፤ ከሌላ ዘፈን ብዙም የማይለይ ቅንብር አለ። ይህን ለመለየት ግን ሦስቱን ነገሮች አንድ በአንድ መፈተን ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ቅጂውን መለወጥ ነው፤ ዘፈኑን ከተሻለ ቅጂ በትክክለኛው ፍጥነት መስማት። ሁለተኛ አጃቢውን ማውለቅ ነው፤ ዘፈኑ በሠርግ ወይም በኡድ ብቻ ሲዘፈን መስማት። ሦስተኛ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ግጥሙን፣ ለማያውቀው ደግሞ ዜማውን ለየብቻ ማቅረብ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ካለፈ በኋላም የማይቆም ዘፈን ቢገኝ እርሱን በእውነት ደካማ ማለት ይቻላል። እንደ እኔ አስተያየት በበርጫው ላይ ደካማ ከሚባሉት ብዙዎቹ በአንዱ ፈተና ቢወድቁም በሌሎቹ ሁለቱ ያልፋሉ።

ነገሩ ስለ ምን ያስፈልገናል?

የካሴት ዘመን አልፏል። ዛሬ የዋሂል ወጣት ዘፈኑን የሚሰማው በሞባይሉ ነው፤ ወደ ሞባይሉ የሚገባው ደግሞ አንድ ሰው መርጦ ከካሴት ወይም ከሸክላ ያስተላለፈው ብቻ ነው። ያልተመረጠው በሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ክሩም ከዓመት ወደ ዓመት ይበላሻል። በውጭ አገር እንኳ ከ1997 ጀምሮ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ በአብዛኛው የመረጠው የሸክላውን ዘመን ዘፈኖች ነው፤ በ2013 የወጣው 28ኛው ክፍልም ለዓሊ ቢራ የተመደበ ነው። ይህ ምርጫ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን መምረጥ መተውም ነው፤ ያልተመረጠው ሁሉ በዚያው መጠን ከዓይን ይርቃል።

በዋሂል ደካማ ነው የተባለው ዘፈን ምናልባት በከተማው ያልታወቀ የአንድ ግጥም ብቸኛ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ያ ግጥም በጽሑፍ ካልተያዘና ካሴቱ ከተበላሸ የሚያስታውሱት ሽማግሎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ።

ስለዚህ በየክረምቱ ወደ ሐረርጌና ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ ጓደኞቼ ሁሉ ይህን ክርክር በሰማችሁ ጊዜ እንድትመዘግቡት አሳስባለሁ። የተነቀፈውን ዘፈን መጠሪያ ብቻ መጻፍ አይበቃም። የነቃፊው ዕድሜ ስንት እንደ ሆነ፣ የዘፈኑን ቋንቋ ይናገር እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሰማው በሸክላ፣ በካሴት፣ በሬዲዮ ወይም በሠርግ መሆኑን፣ ካሴት ከሆነም ስንተኛ ቅጂ እንደ ነበረ ጠይቁ። ከተቻለም ዘፈኑን በሞባይላችሁ ቅዱና ግጥሙን ከሚያውቅ ሰው አስጽፉ። የሙዚቃና የቋንቋ መምህሮቻችንም እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚያስቀምጡበት ስፍራ በቤተ መጻሕፍታችን ቢያዘጋጁ ሥራው ቀላል ይሆናል። ሰብስበን ካቆየነው በኋላ የትኛው ደካማ እንደ ሆነ ለመከራከር ጊዜ አናጣም።